ቱቱ የሚሰፋው ከታች ነው

የባሌት ዳንስ ጉርድ፣ ቱቱ፣ የሚያሠራኝ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ፎቶ ዘወትር የላዩን ያሳያል፤ የተዘረጋውን ቱል፣ ጥልፉን፣ ጨሌውን። እኔ ግን አስቀድሜ የምቆርጠው ማንም የማያየውን ፓንት ነው። አጭሩ ሽብሽብ ከጭኑ ሥር ይሰፋበታል፤ ከሱ በላይ ትንሽ ረዘም ያለው ይከተላል፤ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ንብር ይደርሳል። ረጅሙን የላይኛውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት እነዚያ አጫጭሮቹ ናቸው።

ስሙም የወጣው ከዚያው ከታች ነው። የፈረንሳይኛ መዛግብተ ቃላት «ቱቱ»ን የሚያወጡት ሕፃናት መቀመጫን ከሚጠሩበት «ኩኩ» ነው፤ የ«ኩኩ» ሥር ደግሞ በጨዋ ፊት የማይነገር ቃል ነው። «ቱቱ» መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው። ከቱል ጨርቅ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ለሰፊ ግን የመጀመሪያው ይጥማል፤ ጉርዱ የተንጠለጠለው ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ነውና።

ልብሱ ከስሙ ይቀድማል። በ1832 ዳንሰኛዋ ማሪ ታሊዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትጫወት የለበሰችው ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እንደ ደወል የተነፋ ነጭ ጉርድ ነበር። የእግር ሥራው እየከበደ ሲሄድ ጉርዱ አጠረ። በ1880ዎቹ ሴንት ፒተርስበርግ የሄደችው ጣሊያናዊቷ ዳንሰኛ ቨርጂኒያ ዙኪ አጭሩን በመልበስ ስሟ ይነሣል። ጉርዱ ሲያጥር የውስጡ ሥራ ለተመልካች ተጋለጠ፤ የሰፊም ጣጣ በዛ።

ሽቦ ገብቶበት እንደ ሰሌዳ የሚዘረጋው ዓይነት ለብቻ ለምትደንስ ያምራል። ብዙ ሆነው ሲቆሙ ግን አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ የተገፋውም በሌላ በኩል ሽቅብ ይነሣል። ለዳንስ አቀናባሪው ባላንሺን ትሰፋ የነበረችው ካሪንስካ ይህን የፈታችው በ1950 ነው፤ ሽቦውን አውጥታ፣ ንብሮቹን አሳጥራ፣ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አደረገች።

ንብሮቹን ከውስጥ በእጅ ስይዝ ክሩን ላላ አደርገዋለሁ። ከጠበቀ ቱሉ ይጨማደዳል፤ ዳንሰኛዋ ስትዞርም ጉርዱ አብሯት ሳይፈስ ይንገጫገጫል። ሲያልቅም ተገልብጦ ይሰቀላል፤ አለዚያ ይወድቃል።

ዋጋ እንዲቀነስላቸው «የታቹ ማን ያየዋል? ጥቂቱ ይቅር» የሚሉኝ አሉ። ለማስቀነስ ከፈለጋችሁ ጥልፉን ቀንሱ፣ ጨሌውን ተዉት፤ የታችኛውን ሽብሽብ ግን አትንኩ።