«እርግጠኛ ነዎት?»

ዛሬ የምንሄሰው ድርሰት ሁለት ቃል ብቻ ነው። ደራሲው አይታወቅም። አንባቢ ግን ከየትኛውም ልቦለድና የግጥም መድበል በላይ አለው። በስልካችን፣ በኮምፒውተራችን፣ በባንኩ ማሽን ላይ በየዕለቱ እናነበዋለን። እናነበዋለን ከማለት አይተነው እናልፋለን ማለቱ ይሻላል። «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ ሲቀርብ ሦስት ነገር እንጠይቅ ነበር። የሚናገረው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው? ምን እንዲሆንለት ፈልጎ ነው? እስቲ በነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ይህቺን ድርሰት እንመርምራት። የምትናገረው መሣሪያዋ ትመስላለች፤ ከኋላዋ ግን ድርጅት አለ። የምትናገረው ለቸኮለ ሰው ነው። ዓላማዋ፣ እንደሚባለው ከሆነ፣ ያ የቸኮለ ሰው የማይመለስ ነገር ከማድረጉ በፊት ቆም እንዲል ነው። ፋይል ከማጥፋቱ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት።

ታዲያ ታስቆማለች? አታስቆምም። የመጀመሪያው ምክንያት የሚሳሳት ሰው እርግጠኛ መሆኑ ነው። ቢጠራጠር ኖሮ መች ይሳሳት ነበር? የተኛን ሰው «ተኝተሃል ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ በሐዋይ ደሴቶች የሰዉ ስልክ ጮኸ። ባሊስቲክ ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ መጠለያ ፈልጉ፣ ይህ ልምምድ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ሚሳኤል የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ስሕተት መሆኑን የሚናገር ሌላ መልእክት እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጀ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሲመረምር ምን ተገኘ? ማሽኑ ከመላኩ በፊት ሠራተኛውን ጠይቆት ነበር። ጥያቄው ግን ለልምምድም ለእውነተኛውም ማስጠንቀቂያ አንድ ዓይነት ነው። ሠራተኛው ኋላ «እውነተኛ አደጋ መስሎኝ ነው» አለ። እንግዲህ ሲጠየቅ እርግጠኛ ነበር ማለት ነው! የባሰው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ስሕተት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ማረሚያ መልእክት አለመኖሩ ነው። መላኪያው ዝግጁ፣ መመለሻው ግን የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። መንገድ ላይ የተገናኘነውን ሰው «ደህና ነህ?» ስንለው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ሥርዓት ሆኗል። «እርግጠኛ ነዎት?»ም እንዲሁ ናት። የደበዘዘ ፎቶ ስናጠፋም ትጠይቃለች፣ የዓመት ቁጠባ ስንልክም ትጠይቃለች፤ ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። ሁሉን በአንድ ድምፅ የሚያስጠነቅቅ ሰው ማንንም አላስጠነቀቀም። ጣታችንም «አዎ»ን ዓይናችን ሳያያት ያገኛታል።

ሦስተኛውን ምክንያት ለማየት ከአዲስ አበባ ወጣ እንበል። ከአምቦ ተነስቶ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ እጃጂ የምትባል ከተማ አለች። እንበልና አንዲት እናት አምቦ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጃቸው 2,000 ብር ሊልኩ ወደ አንድ ሱቅ ገቡ። ቁጥሩ ከደብተር በተቀደደች ወረቀት ላይ ተጽፏል። 1 እና 7 ተመሳስለዋል። ባለሱቁ ወጣት ቁጥሩን መትቶ «ሃርሜ፣ ልላከው?» ይላቸዋል። «ኤዬ፣ ላከው» ይላሉ። ማሽኑ ለወጣቱ ያቀረበውን ጥያቄ ወጣቱ ለእናት አሳለፈ፣ እናት መለሱ። ግን እሳቸው እርግጠኛ የሆኑት በልጃቸው ነው እንጂ በአሥሩ አኃዝ አይደለም።

አሥሩ አኃዝ ደግሞ ጠባቂ የለውም። መጽሐፍ የሚያሳትሙ ወዳጆቼ በጀርባው ሽፋን ላይ የሚታተመውን ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ያውቁታል። የመጨረሻዋ አኃዝ ከፊተኞቹ 12 በሒሳብ የተገኘች ናት። ከመካከል አንዷ አኃዝ ብትሳሳት ሒሳቡ አይገጥምምና ስሕተቱ ይጋለጣል። የስልክ ቁጥር ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ የለም። 1 በ7 ከተተካ የሌላ ሰው ስልክ ይሆናል። እኛ ለመጽሐፍ ያደረግነውን ጥንቃቄ ለተማሪው የወር ቀለብ አላደረግንለትም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የተሠራ ሥራ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በአገር ቋንቋዎች መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። የባንኮቻችን የስልክ ገጾችም ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ማሳየት ለምደዋል። ስም ማሳየት «እርግጠኛ ነዎት?» ከማለት እጅግ ይበልጣል፤ ስለ ሰውየው ልብ መጠየቁን ትቶ ስለ ድርጊቱ ይናገራልና። ችግሩ ስሙ የሚታየው ለባለሱቁ ነው፤ ልጁን የሚያውቁት ደግሞ እናቱ ናቸው። ጮክ ብሎ ካላነበበላቸው ያ ስም ለማን ተጻፈ?

እንግዲህ የማትጠብቅ ከሆነ ይህቺ ጥያቄ ምን ትሠራለች? ወንጀል ታስፈርማለች። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ አቤት ሲባል «ተጠይቀው አዎ ብለዋል እኮ!» ይባላል። ጥያቄዋ ለድርጅቱ ጥላ ናት፤ ለእኛ ግን ፀሐዩ።

ይህን የምለው መመለስ የማይቻል ነገር ስለሆነ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ከማሻሻል ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ችግር፣ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ከዚያ ምን ሆነ? አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ አሉ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። አብዛኛው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ባንኩ መጠየቁ ትክክል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል ይላል። ግን ሕጉ የባንክም የእጃጂዋ እናትም ነው። ባንክ ሲሳሳት አገር ይንቀሳቀሳል፤ እሳቸው ሲሳሳቱ «አዎ ብለዋል» ነው። ለ2,000 ብር ጠበቃ ይዘው ይከራከሩ? ሕጉ የከፈተውን በር ገጹ ዘግቶታል።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን ይህን ጉዳይ ከኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። የብራና ጸሐፊው ቃል ቢዘል በኅዳጉ ላይ ይጽፈውና የዘለለበትን ቦታ በምልክት ያሳያል፤ ትእምርተ ኅድገት ይባላል። የተሳሳተውን ይፍቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይፍቅ ጭረት አድርጎበት ያልፋል፤ የተሰረዘው ቃል እስከ ዛሬ ይነበባል። ቀለም በነከረ ቁጥር «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው አልነበረም። ሙያው ሰው እንደሚሳሳት አምኖ ቦታ ተወለት። የኛ ገጾች የጎደላቸው ይኸው ኅዳግ ነው።

ኅዳግ መተው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። አፕል በ1983 እ.ኤ.አ. ሊዛ በተባለው ኮምፒውተሩ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት አኑሮ ነበር፤ የጣሉትን መልሶ ለማንሳት። ጂሜል የላክነውን ደብዳቤ ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ መመለሻ ቁልፍ ይሰጠናል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በኤም-ፔሳ በስሕተት የላከ ሰው የደረሰውን ማረጋገጫ መልእክት ወደ 456 ሲያስተላልፍ የማስመለሱ ሂደት ይጀመርለታል።

«እንዲህማ ከሆነ አጭበርባሪው ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ይመልሳላ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይህ ቀላል ሥጋት አይደለም፤ ከሰረገላ ባለቤት እስከ ቡና ነጋዴ የሚነካ ነው። ስለዚህ ለሱቅ የሚከፈለው ወዲያው ይጽና። ከዚህ በፊት ተልኮበት ወደማያውቅ የግለሰብ ቁጥር የሚሄደው ግን ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ተቀባዩም ገና አለመጽናቱን ይወቅ።

ሐያሲ ነቅፎ ብቻ አይሄድምና የኔን ማረሚያ ልጻፍ። «ቶሎሳ ለሚባል ሰው 2,000 ብር ሊልኩ ነው። ወደዚህ ቁጥር ልከው አያውቁም። ስሙን ለላኪው ያንብቡላቸው። እስከ 10 ደቂቃ መመለስ ይችላሉ።» ከሁለት ቃል ረዝሟል፤ አውቃለሁ። ቁልፎቹም «አዎ»ና «አይ» መባላቸው ይቅርና አንዱ «2,000 ብር ላክ»፣ ሌላው «ቁጥሩን ላርም» ይበል። በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ስልኩ ራሱ ይናገር። ድምፅ አለው አይደል?