የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያ ስፍራው የት ነው?

ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ያወጣው ሎተስ ሰባት፣ ባለቤቱ ራሱ እንዲገጣጥመው ተነጣጥሎ ይሸጥ የነበረ መኪና ነው፡፡ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኬተርሃም የተባለው ኩባንያ በስሙ ይሠራዋል፡፡ ካርቡራተር ባላቸው በአሮጌዎቹ ላይ አንዳንድ ገጣጣሚዎች የቤንዚኑን ግፊት መቆጣጠሪያ ኮፈኑ ሲከፈት እንዲያምር ብለው ከሞተሩ አካል ጋር ያስሩታል፡፡ ይህ አሠራር የሚነቀፍ ነው፡፡

ሞተር ሲንቀጠቀጥ ማያያዣዎቹ ይላላሉ፡፡ ሙቀቱም ቤንዚኑን በቱቦው ውስጥ ወደ ተን ስለሚለውጠው ሞተሩ ይቋረጣል፡፡ የሾለከው ቤንዚን በጋለ ማርሚታ ላይ ቢንጠባጠብማ ጉዳቱ እሳት ነው፡፡

ዌበር ካርቡራተር የሚፈልገው ግፊት በካሬ ኢንች 3 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው፤ እጅግ ቢበልጥ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል፡፡ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከፓምፑና ከፊልትሮው በኋላ፣ ለካርቡራተሩ ቀርቦ ሊቀመጥ ይገባል፡፡ በፎርድ ክሮስፍሎው ሞተር ካርቡራተሩና ማርሚታው በተቃራኒ ጎን ስለሆኑ፣ ተስማሚው ስፍራ በካርቡራተሩ ወገን፣ ሞተሩን ከነጂው በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው፡፡ ሞተሩ ስለሚወዛወዝ ከዚያ የሚነሣው ቱቦ ተጣጣፊ ይሁን፡፡

ቱቦው ጥቂት ይረዝማል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ግፊቱን ለመለካትና ብሎኑን ለማስተካከል እጅ የሚደርስበት ስፍራ ይኸው ነው፤ ውበቱ ከዚህ በኋላ ይታሰብበት፡፡