ከአንገት በላይ

አማርኛችን ለአፍንጫ ክብር የለውም። የተናደደ ሰው «አፍንጫህን ላስ!» ይላል እንጂ «ጉልበትህን ላስ» ሲል አልሰማሁም። ተረቱም «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ብሎ እንባውን ለዓይን ሰጥቶ የተመታውን ይረሳዋል። ስለ ሕመሙ ለመናገርም ያሉን ሁለት ቃላት ናቸው። ሳምንት ከቆየ «ጉንፋን»፣ ዓመት ከቆየ «ሳይነስ»! «ሳይነስ አለብኝ» ሲሉ ስሰማ «የሌለበት ማን አለ?» ማለት ያምረኛል። ሳይነስ እኮ በአፍንጫ ዙሪያ ባለው አጥንት ውስጥ ሁላችንም ያለን ክፍት ቦታ ነው። ነገሩ «ጉበት አለብኝ» እንደ ማለት ነው።

ቃል ቢያጥር ምን ቸገረን ትሉ ይሆናል። ቃሉ ሲያጥር መፍትሔውም ያጥራል። እስቲ ወደ ጌዴኦ፣ ከይርጋ ጨፌ አለፍ ብላ ወደምትገኘው ፍስሐ ገነት እንውረድ። እዚያ አፍንጫው ለዓመታት የተዘጋበት አንድ ሰው አለ እንበል። ሌሊት አፉን ከፍቶ ያድራል፣ ያንኮራፋል፣ ጉሮሮው ደርቆ ይነሣል፤ ቀን ሥራ ላይ ያንቀላፋል። ልጅ ከሆነ ደግሞ አፉን ከፍቶ በመቀመጡ መምህሩ «ፈዛዛ» ብሎ ይመድበዋል። ቤተሰብ ያቅሙን ይሞክራል። ባሕር ዛፍ ይታጠናል፣ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል። የባሕር ዛፉ ቅዝቃዜ አፍንጫውን የተከፈተ ያስመስለዋል፤ ያበጠው ግን እንዳበጠ ነው። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤት ይኬድና አንዲት ትንሽ ጠብታ ትገዛለች። በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫው ወለል ብሎ ይከፈታል። ተአምር!

ተአምሩ ግን ዕዳ አለበት። ይህ ዓይነቱ ጠብታ የሚሠራው የአፍንጫን የደም ሥሮች አኮማትሮ ነው። ከሦስት፣ ከአምስት ቀን አልፎ ሲወሰድ መልሶ ያሳብጣል፤ አፍንጫው ያለ እሱ አልከፈት ይላል፤ ጠርሙሷም ከኪስ አትለይም። ለመድኃኒት የተገዛው ራሱ በሽታ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሻጩ አይናገርም፣ ገዢው አይጠይቅም።

ለመሆኑ የሚያብጠው ምንድን ነው? በአፍንጫችን ውስጥ በግራም በቀኝም እንደ ቅጠል የተጠቀለሉ፣ ስስ አጥንት ላይ የተለበጡ ሥጋዎች አሉ። ሐኪሞች ተርቢኔት ይሏቸዋል። የምንስበውን አየር ያሞቃሉ፣ ያረጥባሉ፣ አቧራውን ይይዛሉ። በጤነኛ ሰው ላይ እንኳን በየጥቂት ሰዓቱ አንዱ ወገን ሲያብጥ ሌላው ይቀንሳል፤ ተራ ገብተው ይሠራሉ። አለርጂ፣ የማገዶ ጭስና አቧራ ሲበዛባቸው ግን፣ በተለይ የታችኞቹ ትልልቆቹ፣ አብጠው ይቀራሉ። የቡና መፈልፈያ አቧራ የመተንፈሻ አካልን እንደሚጎዳ በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ጌዴኦ ደግሞ የቡና አገር ነው።

ጠብታው የከዳው ሰው ታዲያ «ትርፍ ሥጋ በቅሎብኛል፣ ቆርጣችሁ ጣሉልኝ» ማለት ይጀምራል። መቁረጥ መቼ ከብዶን ያውቃል? የሕፃናትን እንጥል በምላጭ ስናስቆርጥ የኖርን ሰዎች ነን። ግን ሥጋው ትርፍ አይደለም። ሌላው ዓለም ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። ተርቢኔታቸው ከመጠን በላይ ከተቆረጠባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አፍንጫቸው ሰፍቶ ሳለ «አየር አጠረኝ» እያሉ ወደ ሐኪም ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ዶክተር ዩጂን ከርንና ባልደረባቸው ለችግሩ «ባዶ አፍንጫ» የሚል ስም አወጡለት። አየር መግባቱን የምናውቀው እነዚያን ሥጋዎች ሲያቀዘቅዛቸው ነውና፣ በር ጠባቂው ከተባረረ የእንግዳውን መግባት ማን ይንገረን?

ይህን የምለው ኦፕራሲዮኑን ለማስጠላት አይደለም። በሥርዓቱ ሲሠራ ብዙ ሰው ከመታፈን ያወጣል። ጠንቃቃው ሐኪም የላይኛውን ሽፋን አድኖ ከሥሩ ያለውን ይቀንሳል፤ የአፍንጫው መሐል ግድግዳ የተጣመመ ከሆነም ያቀናዋል። ከዚያ በፊት ግን የሚሞከር አለ። ፈልቶ በበረደ ውሃ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ማጠብ፣ ሐኪም ያዘዘውን የሚነፋ መድኃኒት ለሳምንታት ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ጭሱንና አቧራውን መቀነስ። ልጅ ላይ ደግሞ ጥፋቱ የተርቢኔት ሳይሆን ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ሊሆን ይችላል። ቢላዋው መምጣት ያለበት አንድ ሰው በመብራት ውስጡን አይቶ «ለምን አበጠ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው። በጠብታውና በቢላዋው መካከል የጎደለን ይኸው ጥያቄ ነው።

ጠያቂው ማን ነው ከተባለ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። እሱ ደግሞ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያለውም በብዛት አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ነው። የፍስሐ ገነቱ ሰው ወደ ዲላ ይወጣል፤ እዚያ ካልሆነለት ሪፈር ይዞ ወደ ሐዋሳ፣ አልያም 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ ሲደመር፣ ቡና ለቀማም ከሆነ የሚቀረው ሥራ ሲታከልበት፣ ጠብታዋ ትረክሳለች። ስለዚህ በጠብታዋ ይኖራል። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡን አውቆ ነው።

ሐኪሙን «ከአንገት በላይ» ማለታችን ይገርመኛል። አማርኛ ከአንጀት ያልሆነን ፍቅርም «ከአንገት በላይ» ይለዋል። ለአፍንጫ ያለን አሳቢነት እንዲያ ነው። ለዓይን ሞራ የሐኪሞች ቡድን በዘመቻ ወደ ገጠር ሲወርድ አይተናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የአንገት በላይ ሐኪምስ በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ዞን ከተሞች ቢወርድ ምናለበት? ያ እስኪሆን መድኃኒት ቤቱ ጠብታዋን ሲሸጥ «ከአምስት ቀን እንዳታሳልፉ» ቢል በነጻ ነው። መምህሩም «ፈዛዛ» ከማለቱ በፊት «ልጄ፣ ሌሊት እንዴት ነው የምትተኛው?» ብሎ ቢጠይቅ ምንም አይከፍልበትም።

ዓለም የይርጋ ጨፌን ቡና የሚገዛው ለመዓዛው ነው። በፍስሐ ገነት ቡናው ተቆልቶ ለሽታው በየተራ ሲዞር፣ ለቅሞ ያደረቀው ሰው «ይሸታል እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ነገሩ ከጉንፋን ያለፈ ነው።