ያልተፈጸመ ንባብና የአንባቢ ኅሊና

መጽሐፍ ጀምሮ መተው ለብዙ አንባቢ የኅሊና ዕዳ ነው። መካከሉ ላይ የታጠፈውን ገጽ ባየ ቁጥር ይጸጸታል፤ ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅም «በማንበብ ላይ ነኝ» ብሎ ያልፋል። ጸጸቱ ቀላል ቢመስልም በሥነ ጽሑፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለና ሊመረመር ይገባዋል።

አንዱ ምንጩ ከቆየው የትምህርት ሥርዐት ይቀዳል። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ በደረጃ የሚፈጸም ግዴታ ነው። ልጁ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት ይደርሳል፤ 150ውን መዝሙር ሲዘልቅም «ዳዊት ደገመ» ተብሎ ይመሰገናል። ዳዊት በሳምንቱ ቀኖች ተከፍሎ የሚጸለይ በመሆኑ የዕለቱን ድርሻ ማጉደል ከግዴታ መጉደል ነው። ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ሲገባ አንባቢው ይህንኑ የመፈጸም ግዴታ ይዞ ተቀበለው። ሆኖም ልብ ወለድ የሚነበበው በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲና መምህር ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢን ዐሥር መብቶች ሲዘረዝር መጽሐፍን ያለመጨረስ መብት ሦስተኛው ነበር።

መብቱ ይታወቅ ቢባል እንኳ፣ የተወው አንባቢ በመጽሐፉ ላይ ሊፈርድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ለዚህ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን በታሪኩ ፍሰት እየሳበ ይወስዳል፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክም መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ተከታትሎታል። በ«አደፍርስ» ግን ከድርጊቱ ሙግቱ ይበዛል፤ የገጠሩም አነጋገር እንደ ወረደ ስለ ሰፈረ የከተማው አንባቢ ቃል ለመፍታት በየመንገዱ ይቆማል። ስለዚህም ብዙዎች ከመካከል ተመልሰው «ከባድ ነው» የሚል ፍርድ አሰራጩ።

ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት ነው። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ ገጠር ሲገባ ዕውቀቱ ከአገሬው ልማድና አነጋገር ጋር ይጋጭበታል። አንባቢውን የሚያደናቅፈው ቋንቋ ወጣቱንም ከአገሬው የሚለየው አጥር ነው። ስለሆነም ክብደቱ ከጭብጡ ጋር የተሳሰረ ነው። መጽሐፉ እንደ ስሙ የረጋውን ያደፈርሳል፤ በደፈረሰበት ስፍራ የተመለሰ አንባቢ ያየው ድፍርሱን ብቻ ነው።

በአንጻሩ ደራሲው የሚናገረው ስላለቀበት፣ ገጸ ባሕርያቱም ሕይወት ስለሌላቸው የሚተው መጽሐፍ አለ። እዚህ ላይ አንባቢው መጸጸቱ ደካማውን ድርሰት ከመሸፈን አያልፍም። አንባቢ የተመለሰበት ገጽ ለሐያሲም ለደራሲም ትልቅ ማስረጃ ነበር፤ እፍረት ግን ያስደብቀዋል፤ ያልተነበበው መጽሐፍም እንደ ተነበበ ሆኖ ይወደሳል።

መምህር ተማሪውን «ጨረስኸው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የት ላይ እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ ቢጠይቀው፣ ጸጸቱ ወደ ሂስ ይለወጣል። ሐያሲ ግን ከዚህ የጠበቀ ግዴታ አለበት፤ በአደባባይ የሚፈርድበትን መጽሐፍ እስከ ፍጻሜው ማንበብ ይኖርበታል። መጽሐፍን መተው ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተዉትን እንዳነበቡት አድርጎ መፍረድ ነው።