መቶ ሃምሳ ካሬ ብርሃን

ይህን ለሰው ሁሉ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም! ከባሕር ዳር ጥናቴን በጉባኤ ላቀርብ አዲስ አበባ መጥቼ መስቀል ፍላወር ሰፈር ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ያረፍኩት አበሌ ስለማይበቃኝ ነበር። ካዛንቺስ፣ ከጉባኤው ቦታ አጠገብ ያሉትን ሆቴሎች ዋጋ በስልክ ጠይቄ ቶሎ ነው የዘጋሁት። ለካ ዕድሌ እዚህ ኖሯል! ሦስት ቀን ሙሉ ታክሲ ሳልይዝ፣ በእግሬ ብቻ፣ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ የማልረሳውን ነገር አይቼ ተመለስኩ።

እዚያው ሰፈር ካለው ባነር ማተሚያ ቤት ልጀምር፤ እሱም ራሱን የቻለ ግኝት ነውና። ጉባኤው የፈቀደልኝ የ15 ደቂቃ ገለጻ እና አንድ ፖስተር ነው፤ ፖስተሩ ኤ ዜሮ የሚባለው፣ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ገባሁ። የሚሠራው ልጅ ከፈተው፣ ጥቂት ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ እንድስብ ጠየቀኝ። «ዶክተር፣ ከዚያ ሆነው ያነቡታል?» አለኝ። ዶክተር ገና አልሆንኩም፤ ማንበብም አልቻልኩም። እዚያው ቁጭ ብለን ጽሑፉን ከግማሽ በላይ ቀነስነው፣ ግራፉን አሳደግነው፣ ርእሱን ከሩቅ የሚጠራ አደረግነው። በወረቀት ሳይሆን በባነር እንዳሳትመው የመከረኝም እሱ ነው፤ ባነር ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ቢጓዝ አይጨማደድም፣ ዝናብ ቢያገኘው አይበላሽም። በጉባኤው ቀን ሰዎች ፖስተሬ ፊት ቆመው ሲያነቡ ሳይ ያ ልጅ አጠገቤ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ገለጻዬን የተለማመድኩት ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ከፔንሲዮኑ በር «የጥናቱ ዓላማ» ብዬ እነሳለሁ፤ ኦሎምፒያ ስደርስ «የማጠቃለያ ሐሳብ» ላይ መሆን አለብኝ። መጀመሪያ ቀን ኦሎምፒያን አልፌ ሄጄ ገና የናሙና አመራረጡን አልጨረስኩም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሁለት ስላይድ ጣልኩ። በሦስተኛው ቀን ልክ መንገዱ ሲያልቅ ቃሌም አለቀ። ገለጻ ያለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ቢለማመድ እላለሁ፤ እግር ሰዓት ያውቃል።

ከኦሎምፒያ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ እዚያ ድረሱ! ደረጃዎቹ ላይ ሯጮች ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ፤ ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ እንደ ጭስ ይታያል፤ ብሔራዊ ቡድን የሚመኘው ወጣትም፣ ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ጎልማሳም እኩል ይሮጣል። ማየቱ ሳንቲም አያስወጣም። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ነበር።

እዚያው አደባባዩ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በግድግዳው ላይ የወጣቶች ፎቶግራፎች ረድፍ በረድፍ፣ በመስታወቱ ውስጥ አፅም እና የተቀበሩበት ልብስ። ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን የታሰሩ ሰዎች አሉ። መግቢያ አይጠየቅም፤ የፈለገ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ብዙዎቹ ፎቶግራፎች የተማሪ ናቸው። ስለ ጥናቴ እያሰብኩ ገብቼ ስወጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሰብኩም።

ከዚያ ሽቅብ ነው፤ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንን በቀኝ፣ ግዮን ሆቴልን በግራ ትቶ በምኒልክ መንገድ ጉባኤው ወደሚደረግበት ወደ ኢሲኤ፣ ማለትም ወደ ተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን። ባነሬን በትከሻዬ አድርጌ ስወጣ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ አይክሊር የሚባለው ትልቅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ አዲስ አበባ ሊካሄድ ተቀጥሮ ነበር። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ጉባኤዎች ካናዳ ሲደረጉ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል፤ ጉባኤው ወደ አፍሪካ ይምጣ የተባለውም አንድም በዚህ ነው። ኮቪድ ገባና ሁሉም በኢንተርኔት ሆነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኪጋሊ አስተናገደችው። ሥራውን ጨርሶ፣ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ቪዛ ተከልክሎ በር ላይ የቀረውን ሰው አስቡት። እኔ ግን ይኸው መታወቂያዬን ብቻ ይዤ በእግሬ ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እየገባሁ ነው! ይህን ቀላል ነገር ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ አልስማማም።

ካዛንቺስን እንደ ድሮው አላገኘኋትም። ስሟ የመጣው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት «ካዛ ኢንቺስ» ነው፤ አሮጌው ሰፈር ግን በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሷል። የአዝማሪ ቤቶቹን ሳላይ መቅረቴ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ዋናው! በሁለተኛው ቀን፣ የሻይ ዕረፍት ላይ፣ አዘጋጆቹ «የአፍሪካ አዳራሽን ማየት የሚፈልግ» አሉ። ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት ነበርኩ። አዳራሹ እዚያው ኢሲኤ ግቢ ውስጥ ያለ፣ በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት የነደፈውም እሱ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚህ ነው። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ያልተማርኩት በሩን አልፌ ቀና ስል ያየሁትን ነው።

ግድግዳው በራ! የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው። 150 ካሬ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቤት መሥሪያ ቦታ ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው። ያንን ቦታ አንሥታችሁ ወደ ላይ አቁሙት፣ ከዚያ እያንዳንዷን ስንዝር በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ መስታወት ሙሉት፣ ከኋላው ፀሐይ አብሩበት! ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካ ትናንት፣ ትግሏ፣ ነገዋ። በነገው ውስጥ ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይራመዳል፤ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አፍሪካውያንም አብረው አሉ። ደመና ሲያልፍ ሁሉም ደበዘዘ፤ ደመናው ሲገፈፍ ቀለሙ እንደገና ፈነዳ፤ የአንዲት ኬንያዊት ተመራማሪ ነጭ ሸሚዝ ቀይ ሆነ፤ ባጄም ቢጫ። ማንም አልተናገረም።

ይህን የሠራው አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደ፣ ገና በልጅነቱ ማዕድን ምህንድስና ሊማር እንግሊዝ የተላከ፣ እዚያ ግን ሥዕልን የመረጠ ሰው ነው። መስታወቱ ሲተከል 30 ዓመት አልሞላውም። ሠላሳ! እኔ በዚያ ዕድሜ የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ለማስጸደቅ ነበር የምሯሯጠው። መንገዱን ለቆ ወደ ሥዕል የሄደውን ያንን ልጅ ማን ከለከለው? እግዜር ይመስገን፣ ማንም!

አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ሲታደስ ቆይቶ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እኔም አዳራሹን ባየሁ ማግስት ገለጻዬን ሳቀርብ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ 15 ደቂቃውም ሊሞላ ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ጨረስኩ።

እናንተ ደግሞ ኢሲኤ ለጉባኤ ስትመጡ መስቀል ፍላወር እረፉ፣ ባነራችሁን እዚያው አሳትሙ፣ በእግራችሁ ሂዱ። መታወቂያ አትርሱ። የሻይ ዕረፍት ሲባል ሻዩን ተዉትና አዘጋጆቹን «የአፍሪካ አዳራሽን አሳዩን» በሏቸው። ፀሐይ ካለች በተለይ!