ያልተነገረው መነሻ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቴፈን ቱልሚን ስለ ክርክር አሠራር በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመው መጽሐፉ፣ የዕለት ተዕለት ክርክር በሒሳብ ስሌት አምሳል ሊመዘን አይገባም ሲል ይሞግታል። ለአብነት የመረጠው የፍርድ ቤትን ሙግት ነው። ሰው አንድ ማስረጃ ጠቅሶ ድምዳሜ ሲሰጥ፣ ከማስረጃው ወደ ድምዳሜው የሚያሻግረው ሦስተኛ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። መጽሐፉ ለሐኪሞች የተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚነገረውን ለመረዳት ከአንዳንድ የሙያ መጻሕፍት የተሻለ ይረዳል።

የስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጀምሮ ሁለተኛውን ወር የጨረሰ ሕመምተኛ «ተሽሎኛል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ትቻለሁ» ይላል እንበል። ባለሙያው የጎደለውን ሐሳብ ወዲያው በራሱ ይሞላዋል፦ «ሕመም ካልተሰማኝ በሽታ የለብኝም»። ከዚያም ይህንኑ ያፈርሳል። ሳሉ ቢቆምም ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል፣ ማቋረጥም በሽታው እንዲያገረሽና መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ እንዲፈጠር መንገድ እንደሚከፍት ያስረዳል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ሕመምተኛው ግን ያንን አላለም። ያልተናገረው ምናልባት «ወደ ቀን ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ጤና ጣቢያ ስመላለስ የሚቀርብኝ ገቢ ቤተሰቤን ጾም ያሳድራል» የሚለውን ይሆናል። ወይም ደግሞ «መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ያቃጥለኛል፤ ሲያመኝ ታግሼው ነበር፤ አሁን ግን ለምን ልታገሠው?» የሚለውን። ለእነዚህ የባክቴሪያ ማብራሪያ ምንም አይመልስም። ሕመምተኛው ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ይወጣል፤ በካርዱ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ወር ስሙ ሕክምና ካቋረጡት ተርታ ይገኛል።

ለታካሚው ደካማውን መነሻ የሚያበድረው ባለሙያ የራሱን መነሻ እምብዛም አይመረምርም። «ዊዳል ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ ታይፎይድ ነው» የሚለው ድምዳሜ የቆመው «ዊዳል ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ ታይፎይድ አለበት» በሚል ያልተነገረ ሐሳብ ላይ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቢሰፍር የሚፈርምበት ሐኪም አይገኝም። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ምርመራ የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካላትን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ እነርሱም ካለፈ ሕመም ሊተርፉ፣ ከሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ ሊመጡ ይችላሉ፤ ወባም ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። የደም ካልቸር በማይሠራበት ቦታ ሐኪሙ ዊዳልን ቢጠቀም አይፈረድበትም። የሚያስወቅሰው «ይመስላል» ሊል ሲገባው «ነው» ማለቱ ነው። («ታይፎይድና ታይፈስ» በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩበት ልማድ ራሱን የቻለ ትችት ይፈልጋል።) ትኩሳቱ ከሌላ በሽታ የመጣ ሕፃን በዚህ አንድ ቃል ምክንያት አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የቱልሚን አብነት የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። በችሎት ያልተነገረውን መነሻ አውጣ የሚል ተቃራኒ ወገን አለ። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን «በምን ተነሥተው ነው?» ብሎ ሐኪሙን የሚጠይቅ ታካሚ ጥቂት ነው፤ አክብሮትም ፍርሃትም ይይዘዋል። ስለዚህ የጠያቂነቱ ሸክም በባለሙያው ላይ ብቻ ይወድቃል። ጥያቄውም አጠያየቅ አለው። «ለምን አቋረጡ?» የሚለው በቁጣ ሲነገር ክስ ይሆናል፤ ሕመምተኛውም ለመዳን ሲል ባለሙያው የሚጠብቀውን «አላወቅኩም ነበር» የሚል መልስ ይሰጣል። የባለሙያው ግምት የተረጋገጠ ይመስላል፤ የቀን ሥራውም ባዶ ሆዱም ሳይነሡ ይቀራሉ።