ደንበኛን ስለ ማወቅና ደንበኛን ስለ ማጥመድ

ነጋዴ ገዢውን ለይቶ ማወቁ ነውር ሆኖ አይቈጠርበትም፤ እንዲያውም የሙያው መጀመሪያ ይኸው ነው። ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ የወጣ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያስተውለዋል። በቦርከና ወንዝ አጠገብ በተዘረጋው በጨፋ ሜዳ ኦሮሞው፥ አማራው፥ አርጎባውና በበጋ ወራት ከብቱን ለሣር ይዞ የሚመጣው አፋር ይገናኛሉ። ልብስ ሻጩም ለአንዱ ሽርጥ፥ ለሌላው ጋቢ ያወጣለታል፤ አንዱን በኦሮምኛ፥ ሌላውን በአማርኛ ያነጋግረዋል። ሽርጥ ለሚፈልግ ሰው ጋቢ ዘርግቶ መለማመጥ ሻጩንም ገዢውንም ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ይኸው የቆየ ልማድ ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤት ስም ወጥቶለት፥ ደንበኞችን በየወገናቸው መክፈል ተብሎ ይሰጣል። ዌንዴል ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አሳትሞ ሐሳቡን በሊቃውንት ዘንድ አሳወቀ፤ ሥራው ግን ከዚያ በፊት ነበረ። ሄንሪ ፎርድ ለሰው ሁሉ አንድ ዐይነት መኪና ሲሸጥ፥ ጀኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ ከሸቭሮሌ እስከ ካዲላክ እንደ ገዢው አቅም ደረጃ በደረጃ አቀረበና ቀደመው።

በአገራችንም መልካም ምሳሌ አለ። ወለድ መክፈልንም መቀበልንም ሃይማኖቱ የሚከለክለው ብዙ ሙስሊም ከባንክ ርቆ ይኖር ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነጻ ስለ ሆነ የባንክ ሥራ መመሪያ ካወጣ በኋላ፥ ልዩ ልዩ ባንኮች ለዚሁ የተለየ አገልግሎት ከፈቱ፤ በ2021ም ዘምዘም ባንክ በሙሉ በዚህ መንገድ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም በሆነበት እንደ ጨፋ ሮቢት ባለ ስፍራ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማስተዋል ሰውን ማክበር ነው።

ታዲያ ትችታችን በምን ላይ ነው? ሰውን በሚያስፈልገው ነገር መለየት አንድ ነገር ነው፤ በድካሙ መለየት ግን ሌላ ነው። ወይፈኑን ሸጦ ገንዘብ የያዘውን እረኛ በአለባበሱ ለይቶ፥ ዋጋ አያውቅም በማለት እጥፍ የሚጠራበት ሻጭ ደንበኛውን አላወቀም ሊባል አይችልም። ለይቶ አውቆታል፤ ዕውቀቱን ግን ወጥመድ አድርጎታል። ጎተራው በክረምት የጎደለበትን ገበሬ ጠብቆ፥ ክፍያውን ሳይገልጥ ፈጣን ብድር የሚያቀርብለትም፥ ኳስ ወዳዱን ተማሪ መርጦ ገንዘቡ ባለቀበት ቀን ውርርድ የሚጠራውም ከዚህ ሻጭ አይለዩም።

በገበያ አደባባይ ግን ለዚህ ክፋት አንድ ልጓም ነበረው፤ ይኸውም የጎረቤት ጆሮ ነው። ሻጩ ለአንዱ መቶ፥ ለሌላው ሁለት መቶ ብሎ ሲጠራ፥ አጠገቡ የቆመ ሰው ሰምቶ፥ «አሁን ለእኔ በመቶ ሰጥተኸኝ አልነበረምን?» ይለዋል። ዛሬ መልእክቱ የሚመጣው በእጅ ስልክ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይነገረዋል፤ ለጎረቤቱ ምን እንደ ተባለ አያውቅም። ወጥመዱ ከዱሮው የከፋው የሰው ልብ ከዱሮው ስለ ከፋ ሳይሆን፥ ምስክሩ ስለ ጠፋ ነው።

አንዳንዱ፥ «ገዢው በፈቃዱ ገዛ፤ ማን አስገደደው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ለሌላው የቀረበውን ዋጋና ውል ሳያውቅ የፈቀደ ሰው ፈቃዱ ግማሽ ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥቷል፤ ስለ ሰው የተሰበሰበ ነገር ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲውል ሕግ መሠራቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የነጋዴውን ሐሳብ ገብቶ ሊያይ አይችልም፤ በዚያ የሚፈርደው ኅሊናው ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ በባንክ ወይም በንግድ ቤት ተቀምጠህ ደንበኞችን በየወገናቸው እንድትከፍል ትታዘዝ ይሆናል። ያን ጊዜ በዚህ ሚዛን መዝነው፤ ለዚህ ሰው በስውር የምልክለትን ቃል በገበያ ቀን፥ በጨፋ ሮቢት አደባባይ፥ በሁሉ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገረው እደፍራለሁን? የምትደፍር ከሆነ ላከው፤ ሽርጡን ለሽርጥ ፈላጊው ሰጥተሃል። የምታፍር ከሆነ ግን ተወው።

ገዢ በሆንህ ጊዜ ደግሞ፥ ላንተ ብቻ ተብሎ የተጻፈ መልእክት ሲደርስህ ከመደሰትህ በፊት፥ «ይህ ሰው እኔን ማን ነው ብሎ ቈጥሮኛል?» ብለህ ጠይቅ፤ ከጎረቤትህም ጋር አስተያየው። ጠፍቶ የነበረው ምስክር ያን ጊዜ ይመለሳል።